ደህና ነን ያሉ አሥራ አንድ ቤቶች

እትዬ ሦስተኛውን ዙር መድኃኒት ወስዳ በተመለሰች በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርፌ ጣቷን ወግቷት ሳታውቅ ቀረች። የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ የደም ጠብታ አይታ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ እያለች ዙሪያዋን ስትፈልግ ከቆየች በኋላ ነው መርፌው ከገዛ ሌባ ጣቷ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያገኘችው። ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ጨርቅ በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ ስንቴ እንደታጠበ የምትናገር ሴት ናት፤ አሮጌ ኮቱን አዲስ ነው ብሎ ሊሸውዳት የሞከረ አንድ ደንበኛ የደረሰበትን ጉድ ሰፈሩ እስካሁን ይስቅበታል። እንግዲህ አሁን ብረት ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ አልተሰማትም። መርፌውን ነቀለች፣ ሸሚዙን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ማሽኗን ሸፈነች፣ ከዚያ ለእህቷ ደወለችና ከእንግዲህ ሆስፒታሉ መድኃኒት መውሰጃ ወንበር ላይ እንደማትቀመጥ ነገረቻት።

እህቷ ሚጣ ትባላለች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ሁለት ልጆች ለትልቅ ደረጃ አድርሳለች፤ ነገር ግን እናታቸው ስትሞት ገና ስድስት ዓመቷ ስለነበርና ያሳደገቻት እትዬ ስለሆነች፣ ሚጣ እንደተባለች ቀረች። የምትሠራው እትዬ በምትታከምበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ የካንሰር መዝገብ ክፍል ነው። ሥራዋ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ታክመው ወደ ቤታቸው ለሄዱ ሰዎች በዓመት አንዴ ትደውላለች፣ ከዚያም ከሦስት ሳጥን በአንዱ ውስጥ ምልክት ታደርጋለች፤ አለ፣ ሞቷል፣ ጠፍቷል። ዶክተሮቹ ፎቅ ላይ ሆነው ከዚህ በሽታ ይህን ያህል ሰው ይተርፋል የሚሉት እሷ ምድር ቤት ሆና ባደረገችው ምልክት ነው።

የእትዬ በሽታ የመጣው ወር አበባዋ ከቆመ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ደም ማየት ስትጀምር ነገሩን በቀልድ ያዘችው። ወደ ኮረዳነቴ እየተመለስኩ ነው እያለች ለራሷ እየሳቀች፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ አምስት ወር ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቀመች፤ መቼም ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ አይቸግራትም። ሚጣ ያወቀችው አንድ ቀን የሱቁን ወንበር ትራስ ገልብጣ እድፉን ስታይ ነው። ከማህፀኗ የተወሰደው ናሙና ውጤት የመጣ ዕለት ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠጋች። ዶክተር ወንበሩን ሲያስጠጋ ደግ ነገር እንደማይናገር ሚጣ ታውቃለች። የማህፀን ካንሰር አብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚለቅ ነው። የእትዬ ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚይዝ፣ ገና ትንሽ ሳለ ሌላ ቦታ የሚዛመት፣ ወጣ ሲሉት ተመልሶ የሚመጣ ክፉ ዓይነት ነው። ማህፀኗን ከነእንቁላል ማምረቻዎቿ አወጡላት፤ አብረው ከወጡት ንፍፊቶች ሁለቱ ላይ በሽታው ደርሶ ተገኘ። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ፣ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ታዘዘላት።

ያን ዕለት እትዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ የተረፈ ሰው አለ ወይ አለች። ዶክተሯ መሳቢያዋን ስባ ወረቀት አወጣችና፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት ይኸው ዓይነት ተገኝቶባቸው የታከሙ አርባ አንድ ሴቶች እንደነበሩ፣ ከእነሱም አሥራ አንዱ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ አነበበችላት። ወረቀቱ የሚጣ ሥራ ነበር። ሚጣ በዚያ ሰዓት ኮራ ብላ ነበር። እህቴ የሚያስፈልጋትን ተስፋ አስቀድሜ በእጄ ጽፌ አቆየሁላት ብላ አስባ ነበር። በኋላ ይህንን ስታስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር።

መርፌው ከወጋት በኋላ ባለው እሁድ ሚጣ ሱቋ ድረስ ሄዳ ተለማመጠቻት። እትዬ ፀጉሯ አልቆ፣ የአፏ ሥጋ ተልጦ፣ ውሃ እንኳ እየመረራት፣ አንድ ቀን ወይኔ አላለችም ነበር። ጣቶቿ ሲደነዝዙ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ዶክተሯም ብትሆን አልዋሸቻትም፤ መጠኑን ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ድንዛዜው ግን ሊለቅም ላይለቅም ይችላል፣ ሐሙስ ለአራተኛው ዙር ካልመጡ ደግሞ እስካሁን የወሰዱት ከንቱ እንዳይቀር እሰጋለሁ ብላ ነበር። ሚጣ ይህን ሁሉ ደግማ ደጋግማ ስትናገር እትዬ መቀሷን እያሻሸች ሰማቻት።

«አሥራ አንድ አሉ ብላችሁኛል» አለች በመጨረሻ። «እኔ ከወረቀት ጋር አላወራም። ከአሥራ አንዱ አንዷን አምጪልኝ፤ በገዛ አፏ አለሁ ትበለኝ፤ ሐሙስ ሄጄ እቀመጣለሁ። ካጣሽ ግን አትለምኚኝ። ጣቶቼን ይዤ ልሙት።»

ሚጣ እፎይ አለች። እህቷ ከባድ ነገር የጠየቀቻት አልመሰላትም። አንድ ብቻ ለምን፣ አምስት አመጣልሻለሁ ብላ ፎክራ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት የአሥራ አንዱን ካርድ ከብረት ቁም ሳጥኑ አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። የመጀመሪያው ካርድ ላይ ያለው ስልክ የባልየው ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ገና ሲያነሣ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። ሚጣ እንደ ወትሮዋ ሰላምታዋን አደረሰች፣ ሁሉም ደህና መሆናቸውን ጠየቀች፣ እሱም ደህና ነን ተመስገን አላት። እስከዚህ ድረስ የየዓመቱ ንግግር ነው። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጨመረች፤ ባለቤትዎን ላነጋግራት ፈልጌ ነበር አለችው።

ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን ዳር ያስያዘ መሰላት።

«እሷማ ካረፈች ሁለት ዓመቷ» አለ።

ሚጣ ካርዱን አየችው። አምና ራሷ ያደረገችው ምልክት አለ የሚለው ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። አምና ስደውል ደህና ነን ብለውኝ ነበር እኮ አለችው።

«ደህና ነበርን እኮ» አለ ሰውየው፣ ሳይቆጣ። «የጠየቅሽኝ እኛን ነው፣ እህቴ። ሆስፒታሉ ከሞተችም በኋላ አልረሳንም ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሚጣ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ እጇን ከእጀታው ላይ አላነሣችም። እዚህ ላይ የሚጣን አደዋወል ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር አንዲት ወጣት ሴትን በስም ጠርታ ትኖራለች ወይ ብላ በቀጥታ ጠየቀች፤ ስልኩን ያነሣችው እናትየው ነበረች፤ ልጅቷ የተቀበረችው በዋዜማው ነው። ያ ጩኸት ከሚጣ ጆሮ ሳምንታት አልወጣም። ከእሷ በፊት የነበረችው መዝጋቢ፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ ያን ጊዜ መከረቻት። ሰው በስሙ አይጠየቅም አለቻት። ቤቱን በደፈናው ጠይቂ፤ የሞተባቸው ከሆነ ራሳቸው ያወጡታል፤ ደህና ነን ካሉሽ ምልክትሽን አድርገሽ ወደሚቀጥለው እለፊ። ሚጣም ምክሩን ወደደችው። ደግነት መሰላት፤ በእውነትም ደግነት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብላ ጠየቀች፣ ደህና ነን አሏት። ደህና ናችሁ ተብሎ አይደለንም የሚል ማን አለ? ቤቱ ተቃጥሎበት አመዱ ላይ የቆመ ሰው እንኳ ሰላምታ ሲሰጡት አስቀድሞ ደህና ነኝ ይላል፣ ወሬው ከዚያ ነው የሚከተለው። ሚጣ ደግሞ የሚከተለውን አትጠብቅም ነበር፤ አመስግና ትዘጋለች። የሰላምታ መልስ ስትቆጥር ኖራ፣ የቆጠረችውን ለዶክተሮች ሰጥታለች።

ሁለተኛው ቤት ምራትየዋ አነሣች። አማቷ ያረፈችው መድኃኒቱን ጨርሳ በወጣች በአሥራ አንደኛው ወር ነው። ሚጣ ለዚህች ሴት ከሞተች በኋላ ሦስት ጊዜ አለች የሚል ምልክት አድርጋላታለች። ሦስተኛው ቤት ዕቃ የምትሸጥ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ዘጉባት፤ በሦስተኛው ነው አንድ ሽማግሌ ተረጋግተው የነገሯት። የአራተኛዋ ስልክ አልሠራ ብሎ ካርዱ ላይ ወደ ተመዘገበችው ጎረቤት ደወለች፤ ጎረቤቷ ሴትየዋ ከመሞቷ በፊት ዳቦ ቤቷን እንዴት ለልጇ እንዳስረከበች አንድ በአንድ አወራቻት። ሚጣ ከዚያ ወዲህ የሚከተለውን ትጠብቅ ጀመር። መቼ፣ ከየትኛው ዙር በኋላ፣ ተመልሶ የመጣው ሳንባዋ ላይ ነው ወይስ ጉበቷ ላይ፣ በመሃል ስንት ጊዜ ደህና ሆና ቆየች ብላ ትጠይቃለች። የሚገርመው አንድም ሰው አልተቆጣትም። ሰዎቹ ጠያቂ አጥተው የኖሩ ይመስል ያወሩላታል። አንዷ እንዲያውም፣ እህቷን ያስታመመች ሴት ናት፣ ስለ እህቷ አርባ ደቂቃ አውርታ፣ ከተቀበረች ጀምሮ ስሟን የጠራልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ ብላ መረቀቻት። ሚጣ ምርቃቱን ተቀብላ ሞቷል በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

ማክሰኞ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አሥር ካርድ በአንድ ወገን፣ አንድ ካርድ በሌላ ወገን ሆነ። አሥራ አንደኛውን ለመደወል እጇ እምቢ አላት። ሳይደወልበት እስከቆየ ድረስ ሴትየዋ በሕይወት ልትኖር ትችላለችና። እትዬ በዚያች ቀን ሁለቴ ደውላ የት ደረስሽ ብላታለች፤ ሚጣ ሁለቴም እየመረጥኩልሽ ነው ብላ ዋሽታለች።

ተስፋ ሲቆረጥ ሰው የማያስበው ነገር የለም። ረቡዕ ጠዋት ሚጣ የክፍሉን ጽዳት ሠራተኛ፣ ድምፀ ሸጋ ሴት ናት፣ ጥግ ወስዳ ለመነቻት። ስልክ ላይ ከዚህ በሽታ የዳነች ሴት ሁኚልኝ አለቻት። ሴትየዋ ለነፍስ ነው ብላ ወዲያው ተስማማችና መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ልምምድ ጀመረች። ይኸው ድኛለሁ፣ አሁን ዳገት ስወጣ የሚቀድመኝ የለም፣ ትላንት ሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሜያለሁ ትላለች። ሚጣ ትንሽ ሰምታ አስቆመቻት። አሮጌ ኮት በጣቷ የምትለይ ሴት ይህችን በአንድ ቃል ነው የምትይዛት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እትዬ የምታምነው ሰው በዓለም ላይ አይኖርም።

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ወጣች። አዲሱን ቁጥር ይዛ የአደዋወሏን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናዘዘች። ትጮህብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ብትጮህባትም ደስ ይላት ነበር። ዶክተሯ ግን ወረቀቱን አየችና አሥራ አንድ የሚለውን ለስንት ሴት አንብቤዋለሁ አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ከዚያም የሁሉንም በሽታ መዝገብ፣ የዘጠኙንም ዓመት፣ አንድ በአንድ ደውላ እንድታስተካክል አዘዘቻት። ሚጣ እሺ ብላ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። እህቴስ ታዲያ ትቀጥል ወይስ ትተወው ብላ ጠየቀች።

«በአሥራ አንድም ሆነ በአንድ መልሴ ያው ነው» አለች ዶክተሯ። «ካቆመች ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከቀጠለች ግን አላውቅም። የምሰጣት ያንን አለማወቄን ነው።»

ሚጣ ወደ ምድር ቤት ወርዳ የአሥራ አንደኛውን ካርድ ቁጥር ቆማ ደወለች፣ መቀመጥ ፈርታ። ያነሣችው ልጅየዋ ናት። ሚጣ ሰላምታውን ሁሉ ዘልላ እናትየዋን በስም ጠራች።

«አለች» አለች ልጅየዋ። «ልብስ እያሰጣች ነው። ማን ልበላት?»

ሚጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መነጽሯን ሞላው፤ ልጅየዋ ሃሎ ሃሎ ትላለች። እንደምንም ከሆስፒታል መሆኗን ስትናገር የልጅየዋ ድምፅ ተለወጠ። በር ሲዘጋ ተሰማ፣ ከዚያም ሹክሹክታ ሆነ። እናቷ ስድስት ዓመት ቆይታለች፣ በሽታው አልተመለሰም፣ ግን ካንሰር እንደነበረባት አታውቅም። ቤተሰቡ ተማክሮ ቀላል እጢ ነው የወጣልሽ፣ መድኃኒቱም ደም የሚያጠነክር ነው ብሏታል። ያንን ስም ብትሰማ ኖሮ በፍርሃት ብቻ ትሞትብን ነበር፣ አሁንም ትሞትብኛለች፣ ስለዚህ አታገኚያትም አለች ልጅየዋ። ሚጣ ከወለሉ ሳትነሣ ለመነች። ስለ እትዬ፣ ስለ ጣቶቿ፣ ስለ ነገው ቀጠሮ ነገረቻት። ስለ አሥሩ ሳይቀር ነገረቻት። እናቷ ከስንት ሴት መሃል እንደቀረችላት ልጅየዋ ያወቀችው ገና አሁን ነው። በስተመጨረሻ ተስማማች፤ ነገር ግን ስሙ አይነሣም፣ እጢ ብቻ ነው የሚባለው አለች።

ሳይመሽ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ሚጣ ሱቁ ገባች። አንዷን አግኝቻታለሁ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ግን ምን ይዟት እንደነበር አታውቅም አለች። እትዬ ሣቀች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ሣቋ ነው፤ ያቺ ብልህ፣ እኔም ባላውቅ ኖሮ ይሄኔ ድኜ ነበር አለች። ስልኩን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ሁለቱም ጎንበስ አሉበት።

ሴትየዋ ወሬ የተራበች፣ ጨዋታ አዋቂ ናት። እትዬም እንደሷው እጢ እንደወጣላት ስትነግራት፣ እህቴን አገኘሁ ብላ ደስ አላት፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ፣ ስለ ልጇ ጭቅጭቅ አወራች። እትዬ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ቆይታ የፈለገችው ላይ ደረሰች።

«ጣቶችዎስ እንዴት ሆኑ?»

«ጣቴማ እንደደነዘዘ ቀረ» አለች ሴትየዋ። «የቀኙ ትንሽ ተመልሷል። የግራው የለም። የቀሚሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። እርስዎስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ልብስ እሰፋ ነበር» አለች እትዬ።

ሚጣ ቀና ብላ አየቻት። እሰፋ ነበር ስትል ሰማቻት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እሰፋለሁ ስትል ነው የምታውቃት። ሴትየዋ ወዲያ ማዶ ሆና አይዞዎት፣ ሰው በአምስት ጣትም ይኖራል ብላ ሳቀች። እትዬ አመሰገነቻት፣ ዕድሜ ይስጥዎት አለቻት፣ ዘጋች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ያላለቁ ልብሶች አንድ በአንድ እያወረደች አጣጠፈችና ለየትኛው ልብስ ሰፊ እንደሚሰጡ ለሚጣ ነገረቻት። ሐሙስ ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም፤ ጠዋት ሚጣ ስትመጣ ግን ለብሳ፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ስድስት ወንበር አለው። እትዬ የመስኮቱን ያዘች። ደም ሥሯ ሸሽቶ ነርሷ በሦስተኛው ሙከራ ነው ያገኘችው፤ እትዬ እኔ እንኳ በጨለማ ክር አስገባለሁ ብላ ቀለደችባት። ከረጢቱ ተሰቀለ፣ መድኃኒቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ሚጣ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። የአሥሩን ሴቶች ነገር እስካሁን አልነገረቻትም። ብትናገር እህቷ መርፌውን ነቅላ ትሄዳለች፤ ባትናገር ደግሞ በውሸት ቁጥር እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣታለች፣ ጣቶቿንም አስከፍላታለች። ሁለቱንም ስታሰላ ስታወጣ ስታወርድ ሌሊቱን አልተኛችም። ምንም ይሁን ምን ትኑርልኝ የሚለው እያሸነፈባት፣ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች።

«ሌሎቹ አሥሩ ሞተዋል፣ አይደል?» አለች እትዬ።

ሚጣ የሆነ ነገር ልትፈጥር አፏን ከፈተች። «አዎ» አለች።

«ትናንት ነው የገባኝ። አምስት አመጣለሁ ብለሽ ወጥተሽ፣ አንዷን፣ ያውም ያልተነገራትን፣ ይዘሽ ስትመጪ። እስቲ አታልቅሺ፣ ሰው ያየናል።»

ሚጣ ግን አለቀሰች። በለቅሶዋ መሃል ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሹፌሩን፣ ምራቲቱን፣ ዘጠኝ ዓመት ያደረገችውን ምልክት። እኔ ነኝ ያታለልኩሽ አለቻት። ከዚያ ነርሷን ልጥራ፣ ይንቀሉልሽ ብላ ተነሣች። እትዬ በነፃ እጇ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ተዪው፣ ገብቷል አለች። ቀጥላም፣ ከሰዎቹ ጋር ያን ያህል ካወራሽ ስንት ስንት ጊዜ እንደቆዩ ሳትጠይቂ አልቀረሽም፣ ንገሪኝ አለቻት።

ሚጣ ነገረቻት። ካርዶቹን ሳታይ በቃሏ ታውቃቸዋለች። የሹፌሩ ሚስት አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር። የምራቲቱ አማት አሥራ አንድ ወር፣ አብዛኛውን በአልጋ ላይ። ባለ ዳቦ ቤቷ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር፤ የመጨረሻው ዓመት ግን ዓመት አይባልም። እትዬ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጣልቃ እየገባች ትጠይቃለች፤ ስንቱን ወር ደህና ነበረች፣ ሕመሙ ስንት ጊዜ ጠናባት፣ ከቤት ትወጣ ነበር ወይ። አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ እህቷ ናት አርባ ደቂቃ ያወራችላት። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ቆየች። በሽታው ሲመለስ ቀስ ብሎ ነው የመጣባት፣ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር፣ ክፍል መግባት ያቆመችው ለመሞት አምስት ሳምንት ሲቀራት ነው። እትዬ ይህችን ደግመሽ ንገሪኝ አለች። ሚጣ ደገመችላት። አሥሩን ተናግራ ስትጨርስ ከረጢቱ ገና ግማሽ አልደረሰም።

«አስተማሪዋን ስጪኝ» አለች እትዬ።

ሚጣ አልገባትም። ስድስት ዓመት የቆየችውስ አለች።

«እሷ አንድ ናት፣ ዕድሜዋም ባለቤት አለው። ለእኔ የአስተማሪዋን ዕድሜ ስጪኝ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር።» ፊቷን ወደ ሚጣ መለሰች። ቀልድ አልነበረበትም። «ብዙ ጠየቅሁ እንዴ?»

ሚጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምልክት ስታደርግ ኖራለች፤ ለማንም አንድ ቀን ሰጥታ አታውቅም። ለራሷ እህት የምትሰጠው አንድ ቀን አልነበራትም። እንደ ሕፃንነቷ እጥፍጥፍ ብላ ጭንቅላቷን እትዬ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«አልበዛም፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። መድኃኒቱ ሊያልቅ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረው ነበር።